ጉልበቴ ከሚያዝያ ወዲህ

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ከገርጂ መስቀል አደባባይ ደርሶ መልስ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ደመና፣ ዝናብ የለም። ጉልበት፦ ቀኙ፣ የጉልበቴ ሎሚ ሥር፣ ቁልቁለት ላይ ብቻ። ቤት ስደርስ ጠፋ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

አንድ ሰዓት ከአሥር። ጉልበት፦ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።

ከአየር ማረፊያው አጥር ጀርባ ያለው የሜዳ መንገድ ጭቃ ሆኗል። ክረምቱ እስኪያልፍ አስፋልት ነው። ሙራድ ከኋላዬ ሆኖ «ታነክሳለህ እኮ» አለኝ። ጫማው ነው አልኩት። «ጫማው ሁለት ነው፤ የምታነክሰው በአንዱ ነው» አለ።

ሙራድ ሰፈራችን ሱቅ አለው። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪም ለደም ግፊቱ ሩጥ ሲለው ብቻውን አፍሮ እኔን አስከተለ። ይህን ደብተርም ከሱቁ መደርደሪያ መዝዞ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ያልተጻፈ ሩጫ አልተሮጠም ይላል። እሱ ግማሽ ሰዓት ሮጦ ሱቁን ሊከፍት ይመለሳል። እኔ እቀጥላለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

አንድ ሰዓት ከሃያ። ጉልበት፦ መስቀል አደባባይ ስዞር ወጋኝ፣ እስከ ወሎ ሰፈር አልለቀቀኝም። ሥራ ቦታ ደረጃ የምወርደው መደገፊያውን ይዤ ነው። የጭነት ሰነድ ክፍላችን ፎቅ ላይ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። አጠገቤ የሚቀመጠው ኤርሳዶ «አረጀህ» አለኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

አባቴ ሌሊቱን ሲያጉረመርም አደረ። ከፋሲካ በኋላ ነው ከቦሌ አራብሳ ያመጣነው። ደም ግፊት ማሳው ላይ ጣለው፤ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ አንደበቱም ተያዘ። ሊናገር ይሞክርና እንደማይወጣለት ሲያውቅ ያለቅሳል። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እናቴን ስንቀብር እንኳ።

ባለቤቴ የሺ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ አሙቃ ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ቁርሱን ታበላዋለች። ከዚያ ስፌቷ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ስመለስ አባቴን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ትራስ ተደግፎ አገኘዋለሁ። ደህና አደርክ እለዋለሁ። ያየኛል። ከዚያ የሥራ ሰዓት ይደርሳል።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ሃምሳ ደቂቃ ብቻ። ጉልበት፦ ከፋ። ስቀመጥ ይጠዘጥዛል፣ ስነሳ ይንቋቋል።

የቀረውን ሠላሳ ደቂቃ መድኃኔዓለም አጥር ሥር ቆሜ አሳለፍኩ። ሰውነቴ እስኪበርድ ብዬ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 16

እረፍት። እህቴ ብርቄ አባታችንን ልታይ ከአራብሳ መጣች። እኔ መኝታ ቤት እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተኝቻለሁ፤ እነሱ የወጣሁ መስሏቸዋል። ልሰማ ብዬ አልሰማሁም፤ ግድግዳው ስስ ነው።

«ወንድ ልጅ እያለው ምራቱ ታጥበው?» አለች ብርቄ።

«ማለዳ ይሮጣል» አለች የሺ።

«ሲመለስስ?»

«እሳቸው ሊታጠቡ ሲሉ ይወጣል፣ ለብሰው ሲያበቁ ይመለሳል።»

ቁጣ አልነበረባትም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግሩ አድርጋ ነው የተናገረችው። ብርቄ «አባቴስ ምን ይላል?» አለች።

«ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እስክጨርስ አይመለሱም።»

ተነስቼ ልወጣ አሰብኩ። ጉልበቴ ደርቆ አልታጠፍ አለኝ። ደግሞስ ወጥቼ ምን እላለሁ? ሩጫውን የጀመርኩት አባቴ ሳይመጣ ነው። ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ኤርሳዶ ወደሚያውቃቸው ወጌሻ ወሰደኝ። ቅቤ ቀብተው አሹኝ፣ ሎሚውን ግራና ቀኝ ገፉት። «ጅማት ዞሮብሃል» አሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማታ ደህና ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

አርባ ደቂቃ። ጉልበት፦ ከወጌሻው በፊት የነበረው፣ ሲደመር ያሹኝ ቦታ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 27

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እግሬን አጥፎ ዘረጋ፣ ጭኔን ጨበጠ፣ ደረጃ ላይ አስወጥቶ አስወረደኝ።

«በቀን ስንት ትሮጣለህ?»

«አንድ ሰዓት ከሃያ።»

«ድሮም?»

«ድሮ ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ።»

«መቼ ጨመርክ?»

«ሚያዝያ ላይ።»

«ውድድር አለብህ?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ለምን በአንድ ጊዜ እጥፍ አደረግከው?»

«እንዲሁ» አልኩ።

ካርዱ ላይ ጻፈ። «እንዲሁ» ብሎም የጻፈ መሰለኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ አጥንቱ ምንም አልሆነም፤ የጭንህ ጡንቻ ሎሚውን አጥብቆ መያዝ አቅቶታል፤ ድንገት ጨመርክበት፣ ያውም አስፋልት ላይ። ስድስት ሳምንት ሩጫ የለም። በረዶ ያዝበት። የጭን እንቅስቃሴ የምታሠራ ሙሉዓለም የምትባል ባለሙያ አለች ብሎ ስልኳን ጻፈልኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ገብቼ ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሚያዝያ 14፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ሚያዝያ 17፣ አንድ ሰዓት ከአምስት። አባቴን ያመጣነው ሚያዝያ 16 ነው።

ያን ሰሞን አየሩም ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

አልሮጥኩም። አምስተኛ ቀን። ሰውነቴን ይበላኛል፣ እንቅልፍ የለኝም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነቃሁ። የውሃው ድስት ከምድጃ ሲወርድ ሰማሁ። የፊት ክፍሉ በር ሲዘጋ ሰማሁ። «አባባ፣ ክንድዎን ይስጡኝ» አለች የሺ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ። ቃል አይደለም።

ለብሼ ወጣሁ። ዳቦ ልግዛ አልኳት። ሙራድ ሱቅ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከማቀዝቀዣው በረዶ አውጥቶ በፎጣ ጠቅልሎ ጉልበቴ ላይ አደረገልኝ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ሬዲዮኑ ስለ ኦሎምፒክ ያወራል። በረዶው አልቆ ውሃው ካልሲዬ ውስጥ ገባ።

«ዳቦው ከመጣ ቆይቷል» አለኝ ሙራድ በመጨረሻ።

ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ከአሥር። ዳቦውን ይዤ ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ሃያ አምስት ደቂቃ። ዶክተሩ ቀስ ብለህ ሩጥ ብሎኛል አልኳት የሺን። «ጥሩ» አለች።

ከሥራ ስገባ ልጄ ሰኚ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«አባዬ፣ እግርህ እንደ አባባ ጎበና ሊሆን ነው?» አያቷን ማለቷ ነው።

«ማን አለሽ?»

«ማንም። እንደሳቸው ትጎትተዋለህ።»

አልጎትተውም አልኳት። ከዚያ እስከ መኝታ ቤቱ ድረስ ቀጥ ብዬ ለመራመድ ሞከርኩ። እያየችኝ እንደሆነ ጀርባዬ ያውቃል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ኤርሳዶ የሚያውቀው መርፌ የሚወጋ ሰው አለ። ጉልበቱ ውስጥ ነው የሚወጋው። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ኤርሳዶን ጠየቅኩት፤ «ዝም ብለህ ሞክረው፣ ትበራለህ» አለኝ። ከሥራ ስወጣ ተወጋሁ፤ ወጊው ሁለት ቀን አሳርፈው ብሏል። የዶክተሩ ስድስት ሳምንት ገና ሦስተኛው ላይ ነው። አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

ዘጠና ደቂቃ።

ቁጥሩን አስቀድሜ ልጻፈው። ሌላውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኛል፤ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ ነው የምጽፈው።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ሙራድ አልመጣም፤ በዝናብ አይሮጥም። ቁልቁለቱን ስጀምር ሕመሙን ጠበቅኩት። የለም። ጉልበቴ የሌላ ሰው ጉልበት ሆኗል። ፍጥነት ጨመርኩ። ቦሌ መንገድ ባዶ ነው፣ ውሃው በጎን በጎን ይወርዳል፣ እኔ መሐሉን ይዤ እሮጣለሁ። ከሚያዝያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መስቀል አደባባይ ደርሼ መመለስ ሲገባኝ ደረጃዎቹን ሁለት ዙር ጨመርኩ። ሰዓቱን አይቼ ነው የጨመርኩት። ይህንንም ልጻፈው።

ቤት ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤቶቻችን ቆመዋል። ሙራድ በአባቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የአባቴን ሸሚዝ ይቆልፍለታል። አባቴ ግንባሩ ላይ አብጧል። የሺ መሬት ላይ፣ ፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

ከአልጋ ወደ ወንበር ስታዛውረው ወለሉ እርጥብ ነበር። ሲያዳልጠው አለቀቀችውም። ይዛው ወደቀች፤ ክብደቱ በሙሉ ወገቧ ላይ አረፈ። ሩብ ሰዓት ያህል ሁለቱም ወለሉ ላይ ነበሩ። ሰኚ በዝናብ እየሮጠች ሙራድ ሱቅ ሄደች። እኔ እዚያ የምሆን መስሏት ነው። እዚያ እንደምቀመጥ ልጄ ታውቃለች።

ማንም አልተቆጣኝም። ሙራድ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፎ ተነሳና ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። የሺ አጠገብ በርከክ ስል ጉልበቴ አሁንም አልተሰማኝም።

«ዛሬስ ስንት ደቂቃ ሆነልህ?» አለችኝ።

መጠየቋ ነው። በምፀት አልነበረም። ነገርኳት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

መርፌው ለቀቀ። ጉልበቴ እንደ ዳቦ አብጧል። የሺን ሐኪም አየልኝ፤ አጥንት አልተሰበረም፣ የወገብ ጡንቻ ነው፣ ሦስት ሳምንት ዕቃ እንዳታነሳ፣ እንዳታጎነብስ አለ። የዓመት ፈቃዴን ጠየቅኩ። አለቃዬ ለምን አለኝ። አባቴ ታሟል አልኩት። «መቼ?» አለኝ ደንግጦ። ሦስት ወር ሙሉ ሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

አጠብኩት።

የሺ ከመኝታ ቤት በግድግዳው በኩል ትነግረኛለች። «ውሃውን ክርንህ ላይ ሞክረው። መጀመሪያ ግራ እጃቸውን፤ ግራው ይረዳሃል። ከጀርባቸው በፊት ፎጣ አንጥፍ። አትቸኩል፣ ስትቸኩል ይፈራሉ።» ይህን ሁሉ ከየት እንደተማረችው አላውቅም። ማንም አላስተማራትም።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከአንገቱ እስከ እግሩ አጠብኩት። ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ከድቶኝ አልጋውን ያዝኩ። ሁለተኛው ላይ ደህናው እጁ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እጅጌዬን ጨበጠ። እኔ እንዳልወድቅ ነው ወይስ እሱ ራሱ ሊነሳ፣ አላወቅኩም። ፊቱን ግን አላዞረም።

ምን ፈርቼ እንደነበር አሁን ለመጻፍ ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት አለፈኝ። ሽታው አይደለም። ራቁቱም አይደለም። ስደግፈው ክብደት የለውም። ጥጃ ተሸክሞ ጅረት የሚሻገር ሰው ነበር። ይህን ያህል እንደቀለለ ባላውቅ እመርጥ ነበር፤ የሺ ግን በየማለዳው ስታውቀው ኖራለች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ኪሴ ውስጥ የከረመውን ወረቀት አውጥቼ ለሙሉዓለም ደውዬ ነበር። ዛሬ ቤት ድረስ መጣች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ናት፣ ስትናገር ትፈጥናለች። ከበሩ ቆማ ሦስታችንን አየችን፤ እኔ በዱላ፣ የሺ ፍራሽ ላይ፣ አባቴ አልጋው ላይ።

«ከማን ልጀምር?» አለች።

የሺ ሳቀች። ስቃ ወገቧን ያዘች።

ሙሉዓለም የየሺን የስፌት ሜትር ጠይቃ ጭኖቼን ለካች። የቀኙ ከግራው በሁለት ሳንቲም ይቀጥናል። «ሕመሙን እየሸሸህ በግራው ስትሮጥ ከርመሃል። ቀኙ ሥራ ፈትቶ ቀጠነ። ሎሚው ደግሞ ያዥ አጥቶ ይፋጫል። መርፌ የወጋህ ሰው ሕመሙን ደበቀብህ እንጂ አላዳነህም።»

«መቼ እሮጣለሁ?» አልኳት።

«አባትህን ከአልጋ ወደ ወንበር ያለ ዱላ ስታዛውር ያን ጊዜ ጠይቀኝ። አሁን ቢሆን አንተም እሳቸውም ትወድቃላችሁ። በወገብህ አታንሳ፣ በጭንህ ነው የሚነሳው። ባለቤትህንም የጎዳት እሱ ነው፤ ማንም አላሳያትም።»

የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበቴ ሥር አድርጋ ወደታች ግፋ፣ ያዝ፣ እስከ አሥር ቁጠር አለችኝ። ከዚያ ያንኑ ፎጣ ወስዳ ከአባቴ ቀኝ ጉልበት ሥር አደረገች። «እርስዎም አባ፤ ይኸው ነው፤ ይግፉ።» አባቴ እግሩን አየው። ምንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ዓይኔን አነሳሁ። ሙሉዓለም ግን እጇን ጭኑ ላይ አሳርፋ ቆየችና «አለ። ትንሽ አለ» አለች።

በቀን ሦስት ጊዜ። አብራችሁ ሥሩት አለች።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4

ስምንት ቀን ሆነ። ፍራሽ ከአልጋው ጎን አንጥፌ እጋደማለሁ፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። እገፋለሁ፣ እቆጥራለሁ። በአማርኛ ነበር የምቆጥረው። ዛሬ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ ምናልባት ድካም ነው፣ በልጅነቴ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ጀመርኩ። ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ።

«አፉር» አለ ከላይ።

ከፍራሹ ቀና አልኩ።

«ሸን። ጀሀ። ቶርበ።» ጥርት ብሎ። አራት ወር ገደማ አንድ ቃል ያልወጣለት ሰው ነው። «ሰዴት። ሰገል። ኩደን።» አሥር ላይ ቆመ።

ሰኚ ከበሩ ሆና አፏን ይዛለች። የሺ ከመኝታ ቤት ግድግዳውን ይዛ እየተራመደች መጣች። ድጋሚ አስቆጠርነው። ቆጠረ። ከዚያ ሊናገር ሞከረ፤ ቃሉ ያው ተመልሶ ተበላሸና አለቀሰ። እኔ ግን አልወጣሁም። ፎጣውን መልሼ ከጉልበቱ ሥር አደረግኩና «ቶኮ» አልኩ።

ሰኞ ለሙሉዓለም በስልክ ነገርኳት። ይሆናል አለች፤ መቁጠርና መናገር ከአንድ ቦታ አይመጡም፣ ተስፋ ያዙ ግን ብዙ አትጠብቁ።

*(ይቺ መስመር ሰኞ ማታ የተጨመረች ናት።)*

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ፈቃዴ አልቋል፣ ሥራ ገብቻለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ እነሳለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ። ጉልበት፦ ደረጃ ስወርድ ትንሽ። ዱላው ቀርቷል። ሙራድ ጠዋት በመስኮቱ ሥር አልፎ ሲሮጥ ጫማው ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን አባቴን እያጠብኩ ልቤ መስቀል አደባባይ ደርሶ ይመለሳል።

ዛሬ ፊቱን አላዞረም። ጣሪያውን አየ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 22

አዲስ ቃል አለው። «መነ ኮ።» ቤቴ ማለቱ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ። መጀመሪያ የእኛን ቤት መስሎኝ «አዎ፣ ቤትህ ነው» ስለው ራሱን በቁጣ ነቀነቀ። በደህናው እጁ በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ አሳየኝ። አራብሳ።

ማታ አራብሳ እንመልሰው አልኳት የሺን። ብርቄ እዚያው ናት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፣ እንቅስቃሴውን አሳያቸዋለሁ፣ ዓርብ ማታ እየሄድኩ እሑድ እመለሳለሁ አልኩ። በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት።

የሺ የምትሰፋውን የተማሪ ዩኒፎርም አስቀመጠች።

«እሳቸው ስለፈለጉ ነው?»

«ሰምተሻል አይደል፣ ቀኑን ሙሉ የሚለውን።»

«ሰምቻለሁ። አንተ ለምን ደስ እንዳለህ ነው ያልገባኝ።»

ደብተሬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ፈልጎ ነው። እውነት ነው ፈልጎ ነው። መፈለጉም ደስ ማለቴም፣ ሁለቱም እውነት ቢሆን ምን አደርጋለሁ?

እሑድ፣ ጳጉሜ 3

ብርቄ መጣች። አባታችንን ሳጥብ አጠገቤ ቆማ አየች፤ እንድትማር ነው። ውሃውን ልደፋ ስል ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ እሷ ደፋችው። መንገዱ ገና ጭቃ ነው፣ መስከረም ይሁን ተባባልን።

ሙሉዓለም ጭኔን ለካች። ግማሽ ሳንቲም ቀረው። መስከረም መጨረሻ አሥር ደቂቃ ፈቅዳልኛለች። አሥር። አንድም እንዳትጨምር አለችኝ፤ ያወቀችኝ ይመስለኛል።

እሑድ፣ መስከረም 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዛሬ ወሰድነው።

ሙራድ ፒክ አፕ አመጣ፤ ኋላው ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ጥርጊያው መንገድ እስካለቀ በመኪና ሄድን። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ጎማ አያሳልፍም። የሰፈሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ጠብቀውናል። አባቴን ሲያዩ ብዙዎቹ ዞር አሉ። ከዚያ ተነጋግረን አራት ሆነን አነሳነው። አንደኛው እኔ ነኝ፣ የቃሬዛውን የፊት ቀኝ ያዝኩ።

ሜዳው ላይ ደህና ነበርኩ። ወደ ጅረቱ ቁልቁል ስንጀምር ጉልበቴ ጀመረ። መጀመሪያ ሎሚው ሥር፣ ከዚያ በሙሉ። አርባ እርምጃ ያህል ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ። የማስበው ልጁ ነኝ፣ ልጁ ሆኜ እንዴት እለቃለሁ ብዬ ነው። እግሬ አንድ ጊዜ ተንሸራተተ፣ ቃሬዛው ዘመመ፣ አባቴ ጠርዙን ጨበጠ።

«ተቀበሉኝ» አልኩ። «ጉልበቴን ያመኛል። አልቻልኩም።»

ማንም አልገረመውም። አንድ ሰው ከጎኔ ገብቶ እንጨቱን ከትከሻዬ ወሰደ፣ ጉዞው ሳይቆም። ይኸው ነው። አምስት ወር ሙሉ ማለት ያቃተኝ ነገር አንድ እርምጃ እንኳ አላስቆመም።

በጎኑ እየተራመድኩ ጅረቱን ተሻገርን።

ብርቄ ጎጆው ደጃፍ ላይ፣ ጤፉ በሚታይበት በኩል አልጋ ዘርግታለች። አስቀመጥነው። ማሳውን አየ፣ ከብቶቹን አየ። «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ አፉር» አለና ብርቄን ዞሮ አፈጠጠባት። «አምስተኛዋ ጎረቤት ግቢ ነው ያለችው፣ ሊያመጣት ልጁ ሄዷል» አለችው። እስክትመጣ ጠበቀ። ስትመጣ «ሸን» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሰኞ ማታ ልጨምር፦ አድሬ ጠዋት አጠብኩት። የብርቄን ትልቁን ልጅ አሳየሁት፦ ውሃውን በክርንህ፣ መጀመሪያ ግራውን፣ አትቸኩል። ስሰናበተው በደህናው እጁ አንገቴን ስቦ ግንባሩን ግንባሬ ላይ አሳረፈ። መቼ እንደምመለስ በጣቶቼ አሳየሁት፤ አምስት ቀን። አምስቱንም ጣቶች አንድ በአንድ ነካቸው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 21

የፊት ክፍሉ ባዶ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ እነቃለሁ፣ የማደርገው የለም። ዓርብ ሄጄ ነበር፤ ደህና ነው፣ ትንሽ ከስቷል።

ዛሬ ሙሉዓለም አሥር ደቂቃውን ፈቀደች። ጫማዬን ሳዘጋጅ የሺ አልጋው ላይ ሆና ታየኛለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ጉልበትህ ባይታመም ኖሮ፣ እኔም ባልወድቅ፣ እስከ ዛሬ ትሮጥ ነበር?»

አልሮጥም ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የሚያዝያው ገጽ ትዝ አለኝ።

«እሮጥ ነበር መሰለኝ» አልኳት።

የተናገርኩትን ልመልሰው ብችል በወደድኩ።

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለች። «ስትዋሸኝ ግን እብድ የሆንኩ እየመሰለኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የእኔ ክፋት ነው እያልኩ።»

ይቅርታ አልኳት። ይቅርታ ትንሽ ቃል ናት፣ አልበቃችም፤ ሌላ ግን የለኝም። መብራቱን አጥፍታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጥቂት ቆይታ በጨለማው ውስጥ «ሙሉዓለም ለወገቤ ተራመጂ ብላኛለች። ነገ ወዲያ ስትወጣ ቀስቅሰኝ» አለች።

ሐሙስ፣ መስከረም 23

ከየሺ ጋር እስከ ድልድዩ። እኔ አሥር ደቂቃ ሮጥኩ፤ ቀድሜ ደርሼ ጠበቅኳት። እሷ ሃያ ሁለት ደቂቃ ተራመደች። ብርድ፣ ፀሐይ ገና። ጉልበት፦ ትንሽ፣ መጨረሻው ላይ።

ወገብሽስ አልኳት። «ደህና ነው» አለች።

ፊቷን አየሁት። ደህና አልነበረም። ክንዴን ሰጠኋት፣ ተደገፈችኝ፣ በእግራችን ተመለስን።